ካርታው የማያውቀው ማቋረጫ

አባቴ መንገድ ቀቢ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቤት ቀቢ ያልኩ ይመስለዋል። "አይ፣ መንገድ" እላለሁ። "መንገድ ደግሞ ምኑ ይቀባል?" ይሉኛል። በየቀኑ የሚረግጡትን ነጭ መስመር ማን እንዳሰመረው አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁማ! ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስላቸው። እኔን ግን ያሳደገኝ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን መስመር ሲያሰምር የኖረ ሰው ነው። ዛሬም የቲነር ሽታ ሲመጣ ሌላው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ አባቴ ከሥራ የገባ ይመስለኝና ወደ በሩ እዞራለሁ።

ሰፈሩ "ጋሽ ዜብራ" ነበር የሚለው። ስሙ የወጣለት በሥራው ብቻ አይደለም፣ በግትርነቱም ጭምር ነው። ዳቦ ቤቱ ከበራችን ፊት ለፊት ነው። ሰው ግራ ቀኙን አይቶ ዘው ብሎ ይሻገርና ትኩስ ዳቦውን ታቅፎ ይመለሳል። አባቴ እቴ! ታች አደባባዩ ድረስ ይወርዳል፣ በዜብራ ይሻገራል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ዳቦውን ይገዛል፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ዞሮ ይመለሳል። ቤት ሲገባ ዳቦውም ሻዩም ቀዝቅዟል፤ እናቴ ብቻ ናት የጋለችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ከዳቦውና ከዜብራው አንዱን ምረጥ!" ትለዋለች።

"ዳቦ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል" ይላታል ጫማውን እያወለቀ። "ሰው ሲቀዘቅዝ ነው ችግሩ።"

ያ ጫማው! አንድ ጥንድ የሥራ፣ አንድ ጥንድ የክት ነበረው፤ የክቱም ላይ ግን ነጭ ነጠብጣብ አይጠፋም። የታይፕ ትምህርቴን ጨርሼ የተመረቅሁ ቀን በተነሳነው ፎቶ ላይ ሁላችንም ሽክ ብለናል፣ የእሱ ጫማ ግን የዶሮ ላባ የተበተነበት ይመስላል። ያኔ አፍሬበት ነበር። ዛሬ ፎቶውን ባወጣሁ ቁጥር መጀመሪያ ዓይኔ የሚፈልገው ያንን ጫማ ነው። የራሴን ፊት እንኳን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ አሠራሩ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአሠራሩ ነውና። ሌሎቹ ቀቢዎች ካርታ ይሰጣቸዋል፣ ሜትራቸውን ዘርግተው ይለካሉ፣ ይቀባሉ፣ ይሄዳሉ። አባቴ ግን ሊቀባ አንድ ቀን ሲቀረው ማልዶ ይሄድና ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጦ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። በእጁ ጠመኔ ይይዛል። አንድ ሰው ሊሻገር ከጠርዙ ሲወርድ፣ የወረደበት ቦታ ላይ አንድ ጭረት ያደርጋል። ሌላው ሲወርድ ሌላ ጭረት። ተማሪው፣ አሮጊቷ፣ ዕቃ ተሸካሚው፣ በስልክ እያወራ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሻገረውም ሳይቀር ሁሉም ጭረት አለው። ሲመሽ ይነሳና ጭረቱ የት ላይ እንደተሰበሰበ ያያል። በማግስቱ ነጩ ቀለም የሚያርፈው እዚያ ነው።

"አፍ ይዋሻል፣ ካርታም ይዋሻል፣ እግር ግን አይዋሽም" ይል ነበር።

ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ ሁለትና ሦስት እርምጃ ስለሆነ አለቆቹም አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ካርታው ማቋረጫውን ያስቀመጠው ታች መታጠፊያው ጋ፣ በተዘጋው ሲኒማ ቤት ፊት ለፊት ነው። ካርታው ሲሳል ሲኒማ ቤቱ ነበር፣ ጤና ጣቢያው አልነበረም። አሁን ሰው ከአውቶቡስ ይወርድና ሕፃን ያዘለችውም፣ የሚያነክሰውም፣ ሆዱን የያዘውም ቀጥ ብሎ ወደ ጤና ጣቢያው በር ነው የሚሻገረው። ለሲኒማ ብሎ ታች የሚወርድ በሽተኛ የት ይገኛል? አባቴ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መታጠፊያው ጋ አራት ጭረት ብቻ አገኘ፤ ላይ ግን ጠመኔው አለቀበት። ለአለቃው ነገረው። አለቃውም "እሺ፣ እሺ፣ ቀባው" አለው፣ በቃል። አባቴ መስመሩን አርባ እርምጃ ወደ ላይ አውጥቶ ቀባው።

ያን ማታ ሲነግረን እናቴ ብቻ ናት ፊቷን ያጠቆረችው። "አስፈርመኸዋል?" አለችው።

"ምኑን?"

"እሺ ያለህን ነዋ! በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።"

"ቀለም ራሱ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?" አለና ሳቀ። "አስፋልት ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ከዚህ ወዲያ ምን ይጻፍ?"

የአባቴ ስህተት ይህች ናት። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ነገር በቀለም ሲጽፍ ስለኖረ፣ ዓለም የሚያምነው የወረቀቱን ጽሑፍ ብቻ መሆኑን ረስቶት ነበር። አለቃው በዓመቱ ሥራ ቀይሮ ሌላ ከተማ ሄደ። መስመሩ ሦስት ዓመት በሰላም ተቀመጠ። በየዓመቱ አባቴ ራሱ እየሄደ ያድሰዋል፣ ሰውም ይሻገርበታል፣ መኪናም ይቆማል። ማንም ካርታ አላየም።

እኔ ያን ጊዜ በመኪና የተገጩ እግረኞችን በነጻ በሚረዳ የሕግ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ሁለት ጠባብ ክፍሎች፣ አንድ የታይፕ መኪና፣ መሳቢያው የማይዘጋ ካቢኔት፣ ሻዩን አንድም ቀን ጠጥቶ ጨርሶ የማያውቅ አንድ ጠበቃ። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እግራቸው ለተሰበረ ሰዎች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራየው ብልህ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለጉዳዮቻችን ደረጃውን መውጣት ስለማይችሉ ጠበቃው ከደረጃው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚያነጋግራቸው። እኔም ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቃላቸውን እዚያው እጽፋለሁ። የላይኛው ክፍል ለፋይሎቹ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

አንዲት ልብስ ሰፊም ያገኘኋት እዚያ አግዳሚ ላይ ነው። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ አንገቷ ላይ ሜትሯን እንደ ሐብል ያንጠለጠለች ሴት ናት። ቀኝ እግሯ በጄሶ ታስሯል፣ ራጇን በፌስታል ይዛለች።

"እትዬ፣ ይረፉ፤ ቀስ ብለው ይንገሩኝ" አልኳት።

"ምን ቀስ እላለሁ ልጄ፣ የተሰበረው እግሬ ነው እንጂ አፌ አይደል!" አለችና ጀመረች። የደንበኛ ልብስ አድርሳ ስትመለስ ነው። ከአውቶቡስ ወርዳ በጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት በዜብራው መሻገር ጀመረች። መሃል ስትደርስ የአንድ ዕቃ አከፋፋይ ፒክአፕ መኪና መጥቶ ከነዘንቢሏ አነሳት። "ዕድሌ ሆኖ የተገጨሁት ጤና ጣቢያ በር ላይ ነው፤ ለማመላለሻ አላስቸገርኩም" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ይቺ ቀኝ እግሬ ናት ፔዳሉን የምትመታው። ሐኪሙ ብረት ካልገባላት አትታጠፍም አለኝ። ካልታጠፈች ደግሞ የስፌት መኪናዬ ላይ ልብስ ከማንጠፍ በቀር ምን ይሠራበታል? ቤት ውስጥ ሁለት ልጅ አለኝ፣ አባት የላቸውም።"

አንጀቴን በላችው። ክሱን ያን ዕለት ተየብኩት። "የጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ያለው ማቋረጫ" ብዬ ስተይብ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። የአባቴ መስመር ነዋ። መስክሮ የሚያድናት መሰለኝ።

መልሱ በሁለተኛው ወር መጣ። የመኪናው ባለቤትና መድን ሰጪው በአንድ ጠበቃ ነበር የተወከሉት፤ የጻፈው ግን ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ከሳሿ የተገጩት የእግረኛ ማቋረጫ በሌለበት ቦታ ነው፣ በቦታው የሚታየው ቀለም በሚመለከተው ክፍል የተቀባ አይደለም፣ ስለዚህ ሹፌሩ እዚያ የመቆም ግዴታ አልነበረበትም። ከሥሩ የማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ክፍል ደብዳቤ ተያይዟል። "በካርታችን ላይ በተጠቀሰው ቦታ ማቋረጫ የለም። ቀለሙን ማን እንደቀባው አናውቅም" ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይሄ ነው። አቤት፣ ሹፌሩ ያን ቀን ካርታ እያነበበ ነበር የሚነዳው!

"በቃ፣ ይህን ቀለም የቀባው ሰው ካልተገኘ ጉዳያችን ሄደ" አለ ጠበቃችን፣ ሻዩን እያራቀ። "ማዘጋጃ ቤቱ ካላመነ ማን ይመሰክርልናል? ጂኒ ነው እንዴ የቀባው?"

 እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ የማላውቅ መሰልኩ። አባቴ ጡረታ ሊወጣ አሥራ አንድ ወር ቀርቶታል። አዲሱ አለቃ ደግሞ ከካርታው አንድ ስንዝር የወጣ ሰው ሲያገኝ የማይምር፣ ሁለት ሠራተኛ ያባረረ ሰው ነው። ቤት ገብቼ ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። እናቴ የምታጥፈውን አንሶላ ጥላ አፌን በእጇ ያዘች።

"አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ" አለችኝ። "አውቀዋለሁ፣ ሮጦ ነው የሚሄድላቸው። ያለ ሥራ ቤት የዋለ ቀን ይሞትብኛል።"

"እማዬ፣ ሴትየዋስ?"

"እኔስ? አንቺስ?" አለች፣ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፈርታ ነው።

አራት ቀን ሆድ ይፍጀው ብዬ ሰነበትኩ። በየቀኑ ቢሮ ስገባ ልብስ ሰፊዋ ለቀጠሮ ቀድማ መጥታ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። አንዴ የጃኬቴ ቁልፍ እንደላላ አይታ ከቦርሳዋ መርፌ አውጥታ እዚያው ላዬ ላይ እያለ ሰፋችልኝ፣ ክሩንም በጥርሷ በጠሰችው። "ለእኔ እየለፋሽ አይደል፣ ይቺ እንኳን ትሁን" አለችኝ። ያን ቀን ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

አባቴ ሁልጊዜ ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ቧንቧው ሥር ተቀምጦ እጁን በቲነር፣ ከዚያ በሳሙና ያጥባል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዳር ዳር ማለት ሳላበዛ ሁሉንም ነገርኩት። ሳሙናው ከእጁ ወደቀ።

"በመስመሩ ላይ ነበረች?" አለኝ።

"መሃሉ ላይ አባዬ። ፖሊሱ የሳለው የአደጋ ፕላንም እንደዚያው ነው የሚለው።"

"ከመስመሩ አልወጣችም?"

"አልወጣችም።"

ጎንበስ ብሎ ቆየ። የሚያነሳው ሳሙናውን መሰለኝ፣ ግን እያለቀሰ ነበር። አባቴን ሲያለቅስ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት። "እኔ ነኝ እዚያ ያመጣኋት" አለ። "እኔ ነኝ 'በዚህ ተሻገሪ' ያልኳት።"

እኔ የፈራሁት ለሥራው ነበር። እሱ የሥራው ነገር ትዝም አላለው። እናቴ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ግን መልሳ ገጠመችው።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አባቴ ቤት የለም። የት እንደሚገኝ ስላወቅሁ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ጠርዙ ላይ፣ የተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀምጦ ጠመኔውን ይዟል። ፊቱ ገርጥቷል። አጠገቡ ያለው ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር በጭረት ተሞልቷል።

"ሌሊቱን ሁሉ ተሳስቼ ይሆን እያልኩ ሳስብ አደርኩ" አለኝ። "አልተሳሳትኩም። ይኸው ዛሬም በዚሁ ነው የሚሻገሩት። መስመሩ ባይኖርም በዚሁ ነበር የሚሻገሩት።" ተነሳና ሱሪውን አራገፈ። "በይ፣ ጠበቃሽ ጋ ውሰጂኝ።"

ጠበቃው አግዳሚው ላይ አስቀምጦት ነገሩን ሳይደብቅ ነገረው። "ጋሼ፣ ልብ ይበሉ፤ ፍርድ ቤት ቀርበው ይህን ካሉ መሥሪያ ቤትዎ ዝም አይልም። ካርታ ጥሻለሁ ብለው በራስዎ አፍ መናገርዎ ነው። እኔ ለሴትየዋ ነው የቆምኩት፣ ለእርስዎ መቆም አልችልም።"

"እኔ ቆሜ ነው የኖርኩት፣ ችግር የለውም" አለው አባቴ።

የችሎቱ ቀን አባቴ ያንን የክት ጫማውን ሲወለውል አረፈደ። እናቴ አብራን መጣች። እስክንደርስ የኮቱን ኮሌታ ሦስት ጊዜ አስተካከለችለት። ልብስ ሰፊዋ ፊት ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። አባቴ ሲገባ በደንብ አየችው፤ ማን እንደሆነ ጠበቃው ነግሯታል። እሱ ግን ወደ እሷ መዞር አልቻለም።

የእኛ ጠበቃ ከአባቴ ያወጣው ቃል አጭር ነበር። መስመሩን አባቴ እንደቀባው፣ በሥራ ሰዓት በጠራራ ፀሐይ እንደቀባው፣ ቀለሙም የማዘጋጃ ቤቱ እንደሆነ፣ በየዓመቱም ከዚያው ግምጃ ቤት ቀለም አውጥቶ እንደሚያድሰው። ከዚያ የተከሳሾቹ ጠበቃ ተነሳ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ነበር የሚደርሰው።

"ካርታ ማንበብ ይችላሉ?"

"እችላለሁ።"

"የታዘዙት የት እንዲቀቡ ነበር?"

"ታች፣ መታጠፊያው ጋ።"

"የቀቡትስ?"

"ላይ።"

"በማን ፈቃድ?"

"አለቃዬን ጠይቄ እሺ ብሎኛል፣ በቃል።"

"ስለዚህ ወረቀት የለዎትም።"

"ቀለም ነው ያለኝ።"

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ቀና ሲሉ ጸጥ አለ። ጠበቃው ግን ፈገግ እንዳለ ቀረበ። "እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎ። እርስዎ በታዘዙበት ቦታ ቀብተው ቢሆን ኖሮ፣ እኚህ ሴት ያን ቀን እዚያ ቦታ ላይ ይገኙ ነበር?"

ይህቺ ናት ያስፈራችኝ። ጓሮ ቧንቧው ሥር ያስለቀሰችው ጥያቄ ናት። አባቴ እጆቹን አየ፣ ቲነሩ ያነጣቸውን ጣቶቹን። እናቴ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። ዳኛዋ "ይመልሱ" አሉት።

"ላይገኙ ይችላሉ" አለ።

የእኛ ጠበቃ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ቀረ።  አባቴ ግን አልጨረሰም ነበር።

"ይህን ነገር እርስዎ ሳይጠይቁኝ ራሴን ስጠይቀው ከርሜያለሁ" አለ፣ በቀስታ። "እንቅልፍ ነስቶኛል። ግን ጌታዬ፣ እኔ ያን መስመር ያሰመርኩት ሰው እንዲሻገርበት ነው። እኚህ ሴት ተሻገሩበት። እኔም ድርሻዬን አድርጌያለሁ፣ እሳቸውም ድርሻቸውን አድርገዋል። ነጭ መስመር ያየ ሹፌር ደግሞ ድርሻው መቆም ነው። ያልቆመው እሱ ነው።"

ከዚያ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትየዋን አያት። "ይቅር በይኝ እህቴ" አላት። ዳኛዋ ለምስክር እንዲህ መናገር እንደማይፈቀድለት ነገሩት። "እሺ" አለ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን በሁለት እጇ ጨብጣ ታየው ነበር።

ፍርዱ በወሩ ተሰጠ። ዳኛዋ እግረኛ ካርታ ይዞ መንገድ አይወጣም፣ ሹፌርም የሚታየውን መስመር ነው የሚያከብረው ብለው ጻፉ። ያንን ገጽ ራሴ ስገለብጠው ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነው የጨረስኩት፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። በተፈረደላት ካሳ ልብስ ሰፊዋ ብረቷ ገባላት። ሠርታ መብላት ትችላለች ማለት ነው። እኔ የዚያን ቀን ያህል ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

የአባቴም ፍርድ አልዘገየም። የመንገድ ክፍሉ እንዲህ ሲል ጻፈለት፤ ከካርታ ውጭ የቀባውን መስመር በራሱ እጅ ያጥፋ፣ ከዚያ ብሩሹን ያስረክብ፣ የቀሩትን ወራት ግምጃ ቤት ተቀምጦ ጓንት ያድል። አላባረሩትም፤ ፍርድ ቤቱ የተናገረው ስላለ አፈሩ። መስመሩ ግን መጥፋት አለበት። ፍርድ ቤት ማቋረጫ ነው ብሎታል፣ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ካርታ ላይ የለም ይለዋል። ምን ይደረጋል! እኔ ተሳድቤ አልወጣልኝ አለ። እናቴም እኔን ተከትላ ተሳደበች፤ ስድብ እንደምትችል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አባቴ ብቻ ነው ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ የከተተው።

እሑድ ጠዋት፣ መኪና ሲቀንስ፣ ሄደ። ቀይ ባንዲራ የሚይዝለት ሰው እንኳን አልሰጡትም ነበር፣ ስለዚህ እኔ አብሬው ሄድኩ። ሰደርያውን ለበሰ፣ ሁለቱን ኮኖች አቆመ፣ ባለረጅም እጀታውን ብሩሽ ጠርዙ ላይ አስደገፈ። መስመሩን የሚያጠፋበትን የጥቁር ቀለም ጣሳ ሊከፍት ጎንበስ ሲል ከአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል "ጋሼ! ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩኝ!" የሚል ድምፅ ሰማን።

ልብስ ሰፊዋ ናት። መስመሩ ሊጠፋ እንደሆነ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ትመጣለች ብዬ ግን አላሰብኩም። በአንድ ክራንች ተደግፋ፣ ራሷ የሰፋችውን አዲስ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ጠርዙ ድረስ መጣችና ትንፋሿን ሰበሰበች።

"ምነው እህቴ?" አላት አባቴ።

"ያን ቀን መሃሉ ላይ ነው የቀረሁት" አለችው። "የቀረችኝን ግማሽ ልጨርሳት።"

 አባቴ ከሁለቱ ቀይ ባንዲራዎች አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፣ አንዱን ይዞ መንገዱ መሃል ወጣ። እኔ ከላይ የሚመጡትን አስቆምኩ፣ እሱ ከታች የሚመጡትን። ሴትየዋ ከጠርዙ ወረደች። መጀመሪያ ክራንቹ፣ ከዚያ ደህናው እግር፣ ከዚያ ብረት ያለባት። አንድ ሹፌር ጡሩምባውን ነፍቶ በመስኮት አንገቱን አወጣ። "አባባ፣ እስከ መቼ እንቁም?"

"እስክትጨርስ" አለው አባቴ።

መሃሉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ያ መኪና የመጣበትን አቅጣጫ አይታ ደርቃ ቀረች።  ልሮጥላት ስል አባቴ በእጁ ከለከለኝ።

"ግድ የለም እህቴ" አላት። "እኔ ቆሜያለሁ።"

ትንሽ ቆይታ እግሯን አነሳች። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ማዶ ጠርዙ ላይ ስትወጣ ዞራ ክራንቹን ከፍ አደረገችና "ደረስኩ!" ብላ ጮኸች። እኔ በመንገድ መሃል ባንዲራ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አባቴ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። ባንዲራውን አውርዶ መኪኖቹን አሳለፈ። ከዚያ ወደ ጣሳው ተመልሶ የጥቁሩን ቀለም ክዳን ከፈተ።